በኑሮ ውድነት ዘመን የአነስተኛ የቤተሰብ ክሊኒክ አመራር

ሕክምና ከርኅራኄ የመነጨ ሙያ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የሕክምናው ሥራ የሚካሄድበት ቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀበልበት፣ ዕቃ ተገዝቶ የሚያልቅበት በመሆኑ፣ ከማናቸውም የንግድ ቤት ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነገር አለ። ሐኪሙ ይህን ሁለተኛውን የሥራውን ገጽ የዘነጋ እንደ ሆነ፣ በደኅናው ጊዜ የገበያው መስፋት ስሕተቱን ይሸፍንለታል፤ ገበያው በጠበበ ጊዜ ግን ሒሳቡ ያለ ምሕረት ይጠይቀዋል።

ይህ ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። የክሊኒኩን ዕቃ የሚያመጣው አስመጪው ነው፤ ለሠራተኛው ሕክምና ከክሊኒኩ ጋር ውል የሚገባው ላኪውና ባለ ሱቁ ነው። ከዚህም በላይ ክሊኒኩን በዝምታ የሚያደክመው በሽታ ትንሹን ሱቅም የሚያደክመው ያው በሽታ ስለ ሆነ፣ የአንዱን ሒሳብ በጥንቃቄ የመረመረ ነጋዴ የራሱንም ሒሳብ መመርመሩ ነው።

የክሊኒኩ መልክና የጭንቀቱ ምክንያት

የቤተሰብ ክሊኒክ ሲባል ብዙውን ጊዜ ባል ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ሚስት ነርስ ወይም ሒሳብ ያዥ ሆነው፣ ከጥቂት ቅጥር ሠራተኞች ጋር በኪራይ ቤት የሚያስተዳድሩት ድርጅት ነው። በውስጡ የካርድ ክፍል፣ የምርመራ ክፍል፣ የመርፌና የቁስል ማከሚያ ክፍል፣ አነስተኛ ላቦራቶሪም ይገኛሉ። በኢትዮጵያ የግል ሕክምና በደርግ ዘመን ተገድቦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ ተሳትፎ በማበረታታቱ፣ እንደዚህ ያሉ ክሊኒኮች በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ከተሞች እየበዙ ሄደዋል።

ክሊኒኩ ከሚጠቀምባቸው ዕቃዎች፣ ማለት ከጓንቱ፣ ከስኳር መለኪያው ስትሪፕ፣ ከላቦራቶሪው ሪኤጀንት አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የክሊኒኩ ገቢ ግን ከሰፈሩ ሰው ኪስ በብር የሚመጣ ነው። የሰፈሩም ሰው ደመወዝ ከዋጋው ጋር እኩል አልተራመደም። በዚህ ምክንያት ክሊኒኩ ከሁለት ወገን ይጨመቃል፤ ዕቃው ይወደድበታል፤ በሽተኛውም ሕመሙ ካልጠናበት በቀር መምጣቱን ያዘገያል።

ትርፍ የሚመስል ኪሳራ

ነገሩ እንዲብራራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክሊኒኩ 50 የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የያዘ አንድ ዕቃ በ1,000 ብር ገዛ እንበል። ለእያንዳንዱ ምርመራ 35 ብር ቢያስከፍል፣ ሲያልቅ 1,750 ብር ይሰበስባል። በመዝገቡ ላይ 750 ብር ትርፍ ይታያል፤ ባለቤቱም ከዚህ ላይ ለቤት አስቤዛና ለልጆች ትምህርት ቤት ይከፍላል። ዕቃውን ለመተካት ወደ አቅራቢው ሲሄድ ግን አዲሱ ዋጋ 1,800 ብር ሆኖ ያገኘዋል። ከትርፉ አንዲት ሳንቲም ባያነሣ እንኳ 50 ብር ይጎድለዋል፤ ትርፉን አውጥቶ ከሆነማ የሚጎድለው 800 ብር ነው።

እንግዲህ ያ 750 ብር ትርፍ መስሎ የታየው ዋናው ገንዘብ ነበር። የብዙ ትናንሽ ክሊኒኮችና ሱቆች አወዳደቅ በዚህ መንገድ ነው፤ በየወሩ እያተረፉ መደርደሪያቸው ይራቆታል። ስለዚህ ዋጋ ሲበረታ የዕቃ ዋጋ መሰላት ያለበት በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ሒሳብ ነው። ሐኪሙም ከእያንዳንዱ የላቦራቶሪ ገቢ ላይ የመተኪያውን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ በተለየ የባንክ ሒሳብ ቢያኖር፣ የቀረውን ብቻ ገቢዬ ሊለው ይችላል።

የአንድ በሽተኛ ወጪ ስንት ነው?

ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ጽዳት በሽተኛ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈሉ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። የአንድ ክሊኒክ ቋሚ ወጪ በወር 180,000 ብር ነው እንበል። በ26 የሥራ ቀን በየቀኑ 30 በሽተኛ ቢታይ፣ በወሩ 780 ሰው ይሆናል፤ ለእያንዳንዱም የሚደርሰው ቋሚ ወጪ 231 ብር ያህል ነው። በየቀኑ የሚመጣው በሽተኛ ወደ 20 ሲወርድ፣ የወሩ ቁጥር 520 ይሆንና የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 346 ብር ከፍ ይላል። በሽተኛው በሢሶ ሲቀንስ ወጪው በእኩሌታ ጨመረ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ቶሎ የሚይዙት መፍትሔ የካርዱንና የምርመራውን ዋጋ መጨመር ነው። ዋጋ መጨመር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ጭማሪው የቀረውን በሽተኛ የሚያርቅ ከሆነ ለሚቀጥለው ወር ሒሳቡን ያብሰዋል። ስለሆነም ሐኪሙ አስቀድሞ ባዶ የሚውለውን ሰዓት ቢመረምር ይሻላል። ከቀትር በኋላ ማንም የማይመጣ፣ ሠራተኛው ግን ከሥራ ሲወጣ ወደ ማታ የሚመጣ ከሆነ፣ ያንኑ የሠራተኛ ሰዓት ወደ ማታ ማዛወር አዲስ ወጪ ሳያስከትል በሽተኛ ያመጣል።

የሚቆጠብበትና የማይቆጠብበት

ቁጠባ በሁሉም ነገር ላይ እኩል አይወድቅም። የዕቃ መቀቀያው ሙቀትና ሰዓት፣ የእጅ ጓንት፣ የቁስል ማጽጃ፣ ጊዜው ያላለፈ ሪኤጀንት ቁጠባ የማይገባባቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከተቃራኒው ፈተና ነው፤ ይኸውም ገቢ ለማሳደግ ሲባል የማያስፈልግ ምርመራ ማዘዝና የማያስፈልግ መርፌ መውጋት ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ብር በዚያው ቀን ወደ ሣጥን ይገባል፤ በሽተኛው ነገሩን ከጎረቤቱ ጋር በተነጋገረ ጊዜ ግን ክሊኒኩ የኖረበት ስም ይወጣል። የሰፈር ክሊኒክ ከስሙ የበለጠ ሀብት የለውም።

ሊቆጠብበት የሚችለው ሌላ ነው። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታዘዝን ምርመራ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ፣ ለእርሱ ሙሉ ሪኤጀንት ገዝቶ ጊዜው እስኪያልፍ ከማስቀመጥ ይሻላል። ከብዙዎቹ ስትሪፖች ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግሉት ለጥቂት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ የተከፈተበትን ቀን በላዩ መጻፍና አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አለመክፈት ያስፈልጋል። በመደርደሪያም ላይ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ከፊት ይደረጋል። እንደ ኢንሱሊን ያለ መድኀኒት ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ፣ የመብራት መቋረጥ በአንድ ሌሊት የሚያመጣውን ኪሳራ አስቦ በትንሽ በትንሹ መግዛት ብልህነት ነው።

የቤትና የክሊኒክ ኪስ

በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ የተለመደው ጉድለት የአንድ ሣጥን ለሁለት ቤት ማገልገል ነው። የቤቱ ዘይትና ጤፍ፣ የእንግዳው መሸኛ፣ የዘመድ ሰርግ ሁሉ ከዚያው ከካርድ መቀበያው መሳቢያ ይወጣል። በወሩ መጨረሻ ክሊኒኩ ይክሰር ቤቱ ያባክን የሚለይ አይገኝም።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሐኪሙ ለራሱ የተወሰነ ደመወዝ ይቁረጥ፤ በካርድ ክፍል የምትሠራው ባለቤቱም ደመወዟ ይመዝገብላት። እርሷ ያለ ደመወዝ በመሥራቷ ብቻ የሚያተርፍ ክሊኒክ በእውነቱ የሚያተርፍ አይደለም፤ አንድ ቀን ብትታመም ወይም ሌላ ሰው መቅጠር ቢያስፈልግ እውነቱ ይገለጣል። ወሩ የጠበበ እንደ ሆነ ደመወዙ ይቀነስ፤ ነገር ግን ተመዝግቦ ይቀነስ።

ዱቤና ምጽዋት

የሰፈር ሐኪም ሕፃን አዝላ የመጣችን እናት ገንዘብ የለሽም ብሎ አይመልስም፤ መመለስም አይገባውም። ነገር ግን የምሕረት ሥራም ሒሳብ አለው። ሁለት መዝገብ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በአንደኛው መክፈል ለማይችሉ በነጻ የተሰጠው ሕክምና ይጻፋል፤ ለዚህም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይመደባል። በሁለተኛው የሚከፍሉ ሰዎች ዱቤ፣ የሚከፍሉበት ቀን ተቆርጦ ይጻፋል። ሁለቱ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ፣ ድኻው ባለዕዳ እየተባለ ያፍራል፤ መክፈል የሚችለውም በድኻው ስም ይሸሸጋል። የማይሰበሰብ ዱቤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተሰጠ ምጽዋት ነው።

ከግለሰብ ዱቤ ይልቅ የሚከብደው ግን የድርጅቶች ዱቤ ነው። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በውል ያሳክማል፤ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ይቀርብለታል፤ ክፍያው ግን ሦስት ወር ይቆያል። የ100,000 ብር ሕክምና በተሰጠበት ቀን አንድ ካርቶን ጓንት 1,000 ብር ከነበረ፣ ያ ገንዘብ 100 ካርቶን ይገዛ ነበር። በተከፈለበት ቀን ካርቶኑ 1,250 ብር ከገባ የሚገዛው 80 ብቻ ነው። ከፋዩ አንድ ሳንቲም አላጎደለም፤ ክሊኒኩ ግን 20 ካርቶን አጥቷል። ስለዚህ በውሉ ላይ የመክፈያው ቀን፣ የዱቤው ጣሪያና የዘገየ ክፍያ ውጤት አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አስቀድሞ መክፈል

የኑሮ መጥበብ አዲስ ዘዴ ያስተማረበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ፣ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ሒሳብ የተመለከተው ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል፣ ካልተከፈሉት ዕዳዎች መካከል ብዙዎቹ የመምህራን መሆናቸውን አየ። መምህራኑም በወር 50 ሳንቲም አስቀድመው እንዲከፍሉ፣ ሲታመሙም እስከ 21 ቀን በሆስፒታሉ እንዲታከሙ ዕቅድ አወጣ። ብሉ ክሮስ የተባለው የጤና መድን ከዚህ ዕቅድ ተነሥቶ ተስፋፋ።

አሳቡ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ዕድር ሐዘን ሳይደርስ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስበው በዚሁ ጥበብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ እርሱ ግን በዋናነት ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ የግሉ ክሊኒክ የራሱን ውል መፈለግ ይኖርበታል። በአንድ መንገድ ዳር ያሉ ዐሥር ባለ ሱቆች ለሠራተኞቻቸው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ አስቀድመው ቢከፍሉ፣ ክሊኒኩ ኪራዩን በእርግጠኝነት ይከፍላል፤ ባለ ሱቁም ድንገተኛ የሕክምና ወጪ አይወድቅበትም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚያስገድድ፣ ጉዳዩ በቸርነት ብቻ የሚታይ አይደለም። ሆኖም ሐኪሙ ውሉ የትኛውን ሕክምና እንደሚያካትትና እንደማያካትት ለይቶ ይጻፍ፤ አስቀድሞ የተቀበለውንም ገንዘብ አገልግሎቱን እስኪሰጥ ድረስ እንደ ዕዳ ይቍጠረው።

የነጋዴው ድርሻ

አስመጪው ወይም አከፋፋዩ ትንሽ ክሊኒክ ሊገዛው በሚችለው መጠን ከፋፍሎ ቢሸጥ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበውን ሳይሸሽግ ቢናገር፣ የዋጋውንም ለውጥ አስቀድሞ ቢያስታውቅ፣ ደንበኛውን ያቆያል። የውል ደንበኛ የሆነው ድርጅት ደግሞ የክሊኒኩን ሒሳብ በቀኑ ቢከፍል፣ የራሱን ሠራተኛ ጤና መጠበቁ ነው። ክሊኒኩ የተዘጋ እንደ ሆነ የደም ግፊት ያለባቸው አዛውንት በእግራቸው ደርሰው የሚለኩበት ቦታ ያጣሉ፤ ሠራተኛውም ለአንድ ሰዓት ሕክምና ሙሉ ቀን ከሥራው ይቀራል። ብዙ ዓመት የአንድን ቤተሰብ ሕመም ሲመዘግብ የኖረውም ካርድ ያለ አንባቢ ይቀራል።

በመጨረሻም የክሊኒኩ ባለቤት በየወሩ ማብቂያ አምስት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ያለቀውን ዕቃ በዛሬ ዋጋ ለመተካት በቂ ገንዘብ አለ ወይ? ስንት በሽተኛ ታየ፤ የእያንዳንዱስ ወጪ ስንት ደረሰ? ከቀኑ ካለፈ ዱቤ ያልተሰበሰበው ስንት ነው? ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ የትኛው ነው? ቤቱ ከተመደበለት ደመወዝ በላይ ወስዷል ወይ? መልሱ የማያስደስት ቢሆንም፣ ከቤተሰብ፣ ከአበዳሪና ከአቅራቢ ጋር በጊዜ መነጋገር ይበጃል። በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት የለውም የሚለውን ቃል ሐኪም በየቀኑ ለበሽተኛው ይነግራል፤ ለራሱም ሒሳብ ቢሰማው ክሊኒኩ ክፉውን ጊዜ ያልፋል።