አረቄና አንጎል

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገበያ ውሎ አንድ መለኪያ አረቄ የሚቀምስ ብዙ ነው። አንዳንዱ ግን የሸጠውን በሬ ዋጋ ጠጥቶ ባዶ እጁን ይገባል። ሰዉ «ልብ የለውም» ይለዋል። እኛ ግን አንጎሉንም እንይ እንላለን።

አንጎላችን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ስንበላ፣ ስንጠጣ «ይህ ደግ ነው፣ ድገመው» ይለናል። አረቄ ይህን ንጥረ ነገር ያበዛዋል። ዕለት ዕለት ሲጠጣ አንጎል ይለምደዋል፤ የቀድሞው መለኪያ አይበቃም፤ እህሉም ልጁም ደስ አያሰኘውም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ላይ፣ አንቶኒ ባርከርና ጓደኞቹ ራስ ቅል ሳይከፍቱ አንጎልን በማግኔት ቀሰቀሱ። የሽቦ ጥቅል ራስ ላይ ይያዛል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የማግኔቱ ኃይል አጥንቱን ዘልቆ ነርቭን ይነካል። በ2020 አሜሪካ ሲጋራ ለማስተው ፈቀደችው። ለአረቄ ገና እየተጠና ነው። ተራ ማግኔት ራስ ላይ ማሰር ግን ምንም አይፈይድም።

መሣሪያውን መጠበቅ አያሻም። ብቻ ብዙ ዓመት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል፤ ሞትም ያመጣል። ጠበል ቢወስዱትም እንኳ ዘመዶቹ አስቀድመው ጤና ጣቢያ ያድርሱት። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት አለ።