ፍቅርና ግብታዊነት በ«ሮሚዮና ጁልየት»

ባለፈው ጊዜ የጥናት ክበባችን የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት» ሲወያይበት ከሁለት ተከፈልን። ከፊሎቻችን «ልጆቹን የገደላቸው ግብታዊነታቸው ነው፤ ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ በሕይወት ይተርፉ ነበር» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «የለም፤ የገደላቸው የሁለቱ ቤቶች ደም መቃባት ነው፤ ፍቅራቸው ምን አጠፋ?» ብለን ተከራከርን። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ ሳይቋጭ ቀረ። ተውኔቱን ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ስለመለሱት ብዙዎቻችን ታሪኩን ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ምናልባትም ያሳሳተን ይኸው «እናውቀዋለን» ማለታችን ሳይሆን አይቀርም። ስለሆነም እንደገና ከመጀመሪያው ገቢር ጀምረን፣ በዚህኛው ጊዜ ቀንና ሰዓት እየቆጠርን አነበብነው። ሕክምና የምናጠና ተማሪዎች ሕመምተኛ ሲቀርብልን አስቀድመን የምንጠይቀው «መቼ ጀመረዎት?» ብለን ነውና ልማዳችን እዚህም ጠቀመን።

ታሪኩን ሼክስፒር ራሱ አልፈጠረውም። ከጣሊያን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ አገር የገባ ሲሆን፣ አርተር ብሩክ የተባለ ሰው በ1562 (እ.ኤ.አ.) በረጅም ግጥም አሳትሞት ነበር። ሼክስፒር ተውኔቱን የጻፈው በ1590ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውም በ1597 ነው። በብሩክ ግጥም ውስጥ ነገሩ ወራት ይፈጃል፤ ባልና ሚስቱም ከተጋቡ በኋላ ከአንድ ወር በላይ በስውር እየተገናኙ በደስታ ይኖራሉ። ሼክስፒር ይህን ሁሉ ከእሑድ ጧት እስከ ሐሙስ ንጋት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠቅጥቆ አስገባው። የጁልየትንም ዕድሜ ከ16 ዓመት አውርዶ 14 ሊሞላት ሁለት ሳምንት ያህል የቀራት አደረጋት። እንግዲህ ጥድፊያው ደራሲው አስቦ ያመጣው ነገር ነው ማለት ነው።

እሑድ ጧት ሮሚዮ ሮዛሊን በምትባል ልጅ ፍቅር ተይዞ ብቻውን ይንከራተታል። እሑድ ማታ ጭምብል አጥልቆ ከጠላት ቤት ግብዣ ይገባል፤ ጁልየትን ያያል፤ ሮዛሊን ተረሳች። በዚያው ሌሊት ከጁልየት መስኮት ሥር ቆሞ ቃል ይገባባሉ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ተጋቡ። ከመተያየት እስከ ጋብቻ ሃያ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። እስከዚህ ድረስ «ግብታዊነት» ያሉት ጓዶቻችን እውነት አላቸው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ነገሩ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ እንዳይጠፋ አስቀድማ የሠጋችው ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው ጁልየት መሆኗ ነው። ሠግታም አልቆመችም፤ የጋብቻውን ጉዳይ ለነገ ያለችው እሷው ናት።

መነኩሴው አባ ሎሬንስስ? ሮሚዮን ቀስ በል፣ የሚሮጥ ይደናቀፋል እያለ ይመክረዋል፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ያጋባዋል። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በጋብቻ ደም ለማድረቅ ነው። ዳሩ ግን ይህን ዕርቅ ባለጉዳዮቹ አባቶች ሳይሰሙ ሊፈጽመው ፈለገ። በእኛ አገር ደም የተቃባ ወገን ሲታረቅ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ቀን ይቀጠራል፣ ካሳ ይቆረጣል፤ የሚፈጸመውም ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። መዘግየቱ በራሱ ቁጣ ያበርዳል። በቬሮና ግን መስፍኑ ሁለቱን አባቶች ጠርቶ በሞት ከመቅጣት ዛቻ በቀር በመካከላቸው የሚመላለስ ሰው አላቆመም።

ጋብቻው ከተፈጸመ ጥቂት ሳይቆይ የጁልየት የአጎት ልጅ የሆነው ቲባልት ሮሚዮን በአደባባይ ይሰድበዋል። ሮሚዮ አሁን ዘመዱ ሆኗልና አልዋጋም ይላል። ምክንያቱን ግን መናገር አይችልም። ጓደኛው መርኩሽዮ ይህን እንደ ፍርሃት ቆጥሮ ሰይፉን ይመዛል፤ ሮሚዮ ሊገላግል በመካከል ሲገባ ቲባልት በእጁ ሥር አሾልኮ መርኩሽዮን ይወጋዋል። ከዚያ በኋላ ሮሚዮ ራሱን መግዛት አቃተው፤ ቲባልትን ገደለ፤ እንዲሰደድም ተፈረደበት፤ ወደ ማንቱዋም ሄደ።

ስለ ወጣቶቹ ችኮላ ብዙ ተብሏል፤ ስለ አባትየው ግን በስብሰባችን አንድ ሰው እንኳ አላነሣም። ካፑሌት በመጀመሪያ ለልጁ ጠያቂ ለፓሪስ «ገና ልጅ ናት፤ ሁለት በጋ ይለፍ» የሚል ምክንያት ሰጥቶት ነበር። ሰኞ ሌሊት ግን፣ የቲባልት ሬሳ ሳይቀበር፣ ልጁን ሳይጠይቅ ለሐሙስ ሠርግ ይቆርጣል። ማክሰኞ አላገባም ስትለው ከቤት አስወጥቼ በመንገድ እጥልሻለሁ ይላታል። መነኩሴው ዘንድ ሄዳ፣ ተመክራና እሺታን ተውሳ ስትመለስ ደግሞ ከደስታው ብዛት ሠርጉን ወደ ረቡዕ ያመጣዋል። በእኛ አስተያየት የተውኔቱ መገላበጫ ይህች አንዲት ቀን ናት። የመነኩሴው ዕቅድ ለሮሚዮ ደብዳቤ ልኮ ምሥጢሩን ማሳወቅ ነበር፤ ጁልየት መድኃኒቱን የምትጠጣው ረቡዕ ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ማክሰኞ ሌሊት ሲሆን፣ ለደብዳቤው የነበረው ጊዜ በአንድ ሙሉ ቀን አጠረ።

መድኃኒቱ ትንፋሽና የልብ ምትን አጥፍቶ 42 ሰዓት ካስተኛ በኋላ በጤና ያስነሣል ተብሏል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በትምህርታችን አላጋጠመንም፤ ለመድረክ እንፈቅድለታለን። (42ቱን ሰዓት የቆጠረ ሰው ከሐሙስ ንጋት እንደሚያልፍበት ያያል፤ ሼክስፒር በዚህ ብዙም አልተጨነቀም።) ደብዳቤውን ያስቀረው ግን የታወቀ ነገር ነው። መልእክተኛው መነኩሴ አብሮት የሚሄድ ጓደኛ ፍለጋ ሕሙማን ወደሚጠይቅ ሌላ መነኩሴ ዘንድ ጎራ ይላል፤ የከተማው ጠባቂዎች ቸነፈር የገባበት ቤት ነበራችሁ ብለው በሩን ያሽጉባቸዋል። የለንደን ቲያትር ቤቶች በቸነፈር ምክንያት ከ1592 እስከ 1594 አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ስለነበር፣ ተመልካቹ የታሸገ በር ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም ነበር።

ደብዳቤው ቀርቶ የሞቷ ወሬ በፈረስ ደረሰ። ወሬውን ያመጣውን አሽከር ሮሚዮ ከመነኩሴው ደብዳቤ አለመያዙን ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ከሰማ በኋላ ግድ የለም ብሎ ያሰናብተዋል። አሽከሩ ፊትህ ገርጥቷል፣ ታገሥ ቢለው አልሰማውም። መርዝ መሸጥ በሞት በሚያስቀጣበት ከተማ የተራበ መድኃኒት ቀማሚ ፈልጎ በ40 ዱካት ይገዛል፤ ሰውየው የሸጠው ፈቅዶ ሳይሆን ድህነቱ አስገድዶት ነው። መቃብር ቤት ሲደርስም የጁልየት ከንፈርና ጉንጭ ገና ቀይ መሆኑን በዓይኑ አይቶ በአፉ ይናገራል። ምልክቱን አየ፤ ምልክቱ የሚናገረውን ግን አልጠየቀም። እዚህ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን መጽሐፉን ዘግቶ የተነሣ ነበር። መነኩሴው የደረሰው ሮሚዮ ከሞተ በኋላ ነው፤ ጁልየት ስትነቃ ደግሞ የጠባቂ ድምፅ ሰምቶ ትቷት ሸሸ።

«ፍቅር ሁልጊዜ የሚጠፋው በመቸኮል ነው» እንዳይባል ደግሞ፣ በዚህ የምንማርበት አካባቢ ሁሉ የሚያውቀውና አሕመድ ሸውቂ በ1931 በግጥም ተውኔት ያቀረበው የመጅኑንና የለይላ ታሪክ አለ። ቀይስ አልቸኮለም፤ ዓመታት ጠበቀ። ጥፋቱ ፍቅሩን በግጥም አደባባይ ማውጣቱ ነበርና ቤተሰቧ ለሌላ ዳሯት፤ እሱም አእምሮውን ስቶ በረሃ ገባ። እዚያ የገደለው መገለጡ ነው፤ በቬሮና ደግሞ መደበቁ።

ስለሆነም የክርክራችንን ሁለት ወገኖች ያጣላን ጥያቄ በትክክል የተነሣ አይመስለንም። ቲባልት ሮሚዮ አማቹ መሆኑን አያውቅም። መርኩሽዮ ጓደኛው ለምን እንዳልተዋጋ አያውቅም። ካፑሌት ልጁ ባለባል መሆኗን አያውቅም። አሽከሩ ስለ መድኃኒቱ አልሰማም። ሁሉም የሚቸኩሉት ባላወቁት ነገር ላይ ነው፤ ያላወቁትም ሁለቱ ቤቶች በተቃቡበት ከተማ እውነቱን መናገር ስለማይቻል ነው። ቆይ የሚል ሰው እንዳይገኝ ያደረገው ምሥጢሩ ነው፤ ምሥጢሩን የወለደው ጠቡ ነው። የሮሚዮ የመጨረሻ ጥድፊያ ግን የራሱ ነው፤ ያንን ለካፑሌት ልናሸክመው አንችልም።

በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ አባቶች በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ይጨባበጣሉ። ሞንታግ ለጁልየት የወርቅ ሐውልት አቆማለሁ ሲል፣ ካፑሌት ደግሞ ለሮሚዮ ከዚያ የማያንስ አቆማለሁ ይላል። የሞግዚቷን ነገር፣ ማለትም ጋብቻውን ያስተባበረች ሴት በማግስቱ ፓሪስን አግቢ ብላ የመከረችበትን ምክንያት ገና አልተወያየንበትም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስተኛውን ገቢር፣ አምስተኛውን ትዕይንት አንብባችሁ ኑ።