የናይሮቢ ማንጎ፣ የአገር ቤት በሶ

«ሰውነትን ያጥባል» እየተባለ የሚሸጥ መጠጥ ናይሮቢም አዲስ አበባም ሞልቷል። ደም የሚያጣሩት ግን ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሎሚም ሆነ ዝንጅብል እነሱን አይተካም። መጠጡ የሚጠቅመው የጎደለ ውሃ ሲተካና ሆድ ውስጥ የሚቆይ ምግብ ሲይዝ ነው። ለዚህ ደግሞ ከበሶ የሚበልጥ አላውቅም፤ የናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር የሚኖር ሰው ከሐበሻ ሱቅ ይገዛዋል።

ፍራፍሬውን በወቅቱ ግዙ። ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ ባለው የዋኩሊማ ገበያም ሆነ በሰፈር ጉሊት፣ ማንጎ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበዛል፤ ከዚያ አቮካዶ ይተካል። ፓሽን ፍሩት ስትመርጡ ቆዳው ሸብሸብ ያለውን ውሰዱ፣ ይጣፍጣል። ሁሉንም በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ መበጥበጫውን ውሃ አስቀድማችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ።

በሶ በማንጎ፣ ለሁለት ሰው፦ 1 የበሰለ ማንጎ፣ 1 ብርጭቆ ማላ (በየሱቁ በፓኬት የሚሸጠው የኬንያ እርጎ፤ ስኳር ያልገባበትን ጠይቁ)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው።

በሶውን መጀመሪያ በውሃው ለብቻ በጥብጡ። በደረቁ ብሌንደር ውስጥ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቢጮህም አይፈታም። ማንጎውን ከማላው ጋር ፍጩ፣ በሶውንና ጨውን ጨምሩና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አዋህዱ። አታጥልሉት፣ ቃጫው ለሆድ ይበጃል። ማርም አያስፈልገውም። እየቆየ ስለሚወፍር ወዲያው ጠጡት። ማንጎ በሌለበት ወራት ግማሽ አቮካዶና የ2 ፓሽን ፍሩት ጭማቂ ተኩበት። እኔ እንዲያውም ይህኛውን እመርጣለሁ፤ የአዲስ አበባውን ድርብርብ ጭማቂ፣ ስፕሪስን፣ የለመደ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ያኔ ትኩሱ የዝንጅብል መጠጥ፣ ዳዋ፣ ይመጣል። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ውቀጡና በ2 ብርጭቆ ውሃ፣ ክዳን ገጥማችሁ ለ10 ደቂቃ አፍሉ። አውርዱት፤ ለአፍ ሲመች የግማሽ ሎሚ ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ ማር ጨምሩ። ሎሚው አብሮ ከፈላ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል። መጠጥ ቤት ገብታችሁ «ዳዋ» ብላችሁ ብታዙ ግን ቮድካ ያለበት ሊመጣላችሁ ይችላልና ትኩሱን እንደፈለጋችሁ ንገሩ።

ተልባ ለጾም ቀን ነው። አምሳችሁ ፍጩ፣ ንፉ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ብዙ ፈጭታችሁ አታስቀምጡ። ኪኒን የሚወስድ ሰው ከተልባው 2 ሰዓት ያህል ያራርቀው፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን ሊያዘገየው ይችላል።

ማር ከስኳር አይቆጠርም የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርንም የፍራፍሬ ጭማቂንም ከስኳር ጋር ደምሯቸዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ማሩን ብቻ ሳይሆን በሶውንም ፍራፍሬውንም ይመጥን። ማንጎና አቮካዶ ብዙ ፖታሲየም ስላላቸው ኩላሊቱን የሚታመም ሐኪሙን ይጠይቅ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በጭራሽ አይሰጥም።