የቆየ ሬዲዮ ከመሰካቱ በፊት ቁጥሩ ይነበብ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አሮጌ ሬዲዮ ነው።

በድሮ ጊዜ ሬዲዮ የሚሠራው በቫልቭ ነበር። ቫልቭ አምፖል የሚመስል የመስተዋት ዕቃ ነው። ሲሠራ ይግላል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ ይገኛል።

አንድ አባት ለብዙ ዓመት ያልተነካ የቫልቭ ሬዲዮ አሳዩኝ። እኔም ተማሪ ነኝ ብዬ ልሰካው ተነሣሁ። «ቆይ ልጄ! በጋውን ሥራ ፈቶ የከረመ በሬ እንኳ በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አይጠመድም» አሉኝ። ከዚያም ከጀርባው ያለውን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡ፦ «127»። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ብሰካው ኖሮ ይቃጠል ነበር። እሳቸው ቁጥር የለዩት በቅርቡ ነው። እኔ 11ኛ ክፍል ደርሼ አላየሁትም። አፈርኩ።

ስለዚህ እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

1. መጀመሪያ እዩ። ከጀርባው ያለው የቮልት ማስተካከያ 220 ላይ ይሁን። ገመዱ የተላጠ ወይም አይጥ የበላው ከሆነ አትሰኩት።

2. ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ። ውስጡ ኮንደንሰር የሚባል ዕቃ አለ። ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድል ይችላል። ማዞሪያው የወለቀ ከሆነም የብረቱን ዘንግ አትንኩ።

3. ብዙ ዓመት የተኛ ሬዲዮ በቀጥታ አይሰካም። ኮንደንሰሩ በዕድሜ ይበላሻል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ወደ ሬዲዮ ጠጋኝ ውሰዱት። ጠጋኙ ክር ያለው ባለ 60 ዋት አምፖል በመስመሩ መካከል አስገብቶ ይሞክረዋል። አምፖሉ እንደ ደመቀ ከቀረ ውስጡ ተነካክቷል ማለት ነው። ደምቆ ከደበዘዘ ግን ደህና ምልክት ነው።

4. ተጠግኖ ሲመለስ ክፈቱትና አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡ። ቫልቩ ሳይግል ድምፅ አይሰጥም። ጭስ ወይም የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ግን ቶሎ ንቀሉት። እጃችሁ ደረቅ ይሁን።

ሬዲዮ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ሰው ግን አይገዛም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በኤሌክትሪክ የቸኮለ ግን የሚለቅመው የለም።

አንብባችሁ መልሱ፦
ሀ. የአገራችን መብራት ስንት ቮልት ነው?
ለ. ገመዱ የተነቀለ ሬዲዮ ለምን ይገድላል?
ሐ. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በአንዱ ላይ የተጻፈውን የቮልት ቁጥር ፈልጉና በደብተራችሁ ጻፉ።

ይህን ትምህርት ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።