የቀን መብራት ለምን ይደበዝዛል?

የመኪና የቀን መብራት የተሠራው መንገዱን ለእኛ ለማሳየት ሳይሆን እኛን ለሌላው ለማሳየት ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 መኪና ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ እንዲሄድ በሕግ ያዘዘችውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ድብዘዛውን በቸልታ ልናልፈው አይገባንም፤ ይሁን እንጂ አምፖል ለመግዛት ከመሮጣችን በፊት ግራና ቀኙን እናስተያይ።

ሁለቱም እኩል ከደበዘዙ፥ በአንዳንድ መኪና ሥሪቱ ነው፤ ትልቁ መብራት በቀን በተቀነሰ ኃይል ይበራልና። ያለዚያ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን እንለካ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ካላገኘን ዲናሞውን እናስመርምር።

አንዱ ብቻ ከደበዘዘ፥ ሽፋኑም ጥሩ ከሆነ፥ መብራቱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ እንጠርጥር። መብራቱ በርቶ ሳለ በሽቦው ጫፍና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብን፥ ማያያዣው ዝጎ ወይም ላልቶ ነው። አጥፍተን፥ ፈትተን፥ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን እናጥብቀው።

በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ኪስንም መንገደኛንም ይጎዳል።