ድምፅን በመሣሪያ ስለ መሥራት

ዛሬ በብዙ ሠርግ ቤት የክራሩንና የማሲንቆውን ሥራ አንድ ኪቦርድ ሲሠራው እንሰማለን። አንዳንዱ ይህን ሥልጣኔ ነው ይላል፤ ሌላውም ጥፋት ነው ብሎ ያዝናል። እኔ ግን ከመፍረድ በፊት አሠራሩን ማወቅ ይሻላል ብዬ ስለ ሲንተሳይዘር ከተማርሁት ጥቂቱን እጽፋለሁ።

ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። ክራርና ዋሽንት ሁለቱም በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ዓይነት ድምፅ ቢያሰሙ፥ ሕፃን እንኳ አንዱን ከሌላው ይለያል። ምክንያቱም ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች ኃይላቸው ይለያያል፤ የድምፁም አነሣሥና አጠፋፍ አንድ አይደለም።

የሲንተሳይዘር ሥራ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ሞገድ ያወጣል፤ የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ በቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ነው። ሁለተኛ፥ ፊልተር የተባለው ክፍል እንደ ወንፊት ያልተፈለገውን ያስቀራል። ሦስተኛ፥ ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሣና እንደሚጠፋ ይወሰናል። በመጨረሻም እንደ ገደል ማሚቶ ያለ ነገር ይጨመርበታል።

ይህን የመሰለ ጥበብ ከሲንተሳይዘር በፊት በተቀዳ ድምፅ ተሞክሯል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብሕ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. በካይሮ የዛር ዘፈን በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፥ ዋናዎቹን ድምፆች በማጣራትና ማሚቶ በመጨመር ፍጹም አዲስ ሥራ አደረገው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋመውም ይኸው ሰው ነው። አዲሱን መሣሪያ ማወቁ የጥንቱን አላስናቀውም።

እኔም በኮምፒዩተር የክራርን ድምፅ ለመሥራት ሞክሬአለሁ። ክሩ ሲመታ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ስለሚጠፉ፥ ፊልተሩ ቶሎ እንዲዘጋ አደረግሁ፤ ድምፁም ክራርን መሰለ። ማሲንቆ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል። የደጋኑ ጫና በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ የአዝማሪውም ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ በቁጥር ለመጻፍ ስሞክር ነው የአዝማሪውን ጥበብ መጠን ያወቅሁት።

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ኪቦርዱን እንማር፤ ነገር ግን አስቀድመን ከአዝማሪው አጠገብ ተቀምጠን እናድምጥ፤ ከቻልንም እንቅዳው። ያልሰሙትን መምሰል አይቻልምና፥ አዝማሪው ያለቀ ዕለት ኪቦርዱም የሚመስለው ያጣል።