ቀይ ቀበሮ በጓሳ ሜዳ

ቀበሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በተረት የሚነገርለትን ተንኮለኛ፣ ግልገል ነጣቂውን የበግ ጠላት ነው። እኔም ባለፈው የገና ዕረፍት መንዝ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ እስክሄድ ድረስ አሳቤ ከዚህ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ የአጎቴን ውሻ አስከትዬ ወደ ጓሳ ሜዳ ወጣሁ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳም ስፍራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚውለው ከጓሳ ሣር ነው። ጭላዳዎች ተበታትነው ሣር ይነጩ ነበር። በመካከላቸውም አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ይራመዳል። ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጣጣ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ልጆቻቸውን ያዘሉት ጭላዳዎች በአጠገባቸው ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እርሱም ጆሮውን አቁሞ ጥቂት ቆየና ዘሎ አይጥ ያዘ።

ውሻችን እየጮኸ በሮጠ ጊዜ ግን ጭላዳዎቹ ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሹ፤ ቀበሮውም ከዓይኔ ተሰወረ። አንድ ሽማግሌ እረኛ፣ «አንተ ልጅ፣ ውሻህን ምነው ለቀቅኸው? ይህ የውሻ አገር አይደለም» ብለው ተቆጡኝ። እኔም አፍሬ፣ «ይቅርታ አባቴ» አልሁና በቀበቶዬ አሰርሁት።

ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ፣ መምህራችንንም ጠይቄ የተረዳሁት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ለተኩላ የቀረበ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ሁለተኛ፤ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነጥቅም ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በጓሳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በጭላዳ መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ ያለ እነርሱ ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። የጭላዳን ልጅ ሳይነካ የሚያልፈውም ለዚህ ይመስላል።

ሦስተኛ፤ የሚያድነው ለብቻው ሲሆን የሚኖረው ግን በመንጋ ነው። ማለዳና ማታ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ወሰናቸውንም ይዞራሉ። በአብዛኛው የምትወልደው አንዲቱ አለቃ ስትሆን የቀሩት ቡችሎቹን በመመገብ ይረዷታል።

አራተኛ፤ ዋና ጠላቶቹ የእርሻ መስፋፋትና ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ በደረሰበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል።

የሽማግሌው ቁጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ጠላት ያልሁት ቀበሮ አይጥ ሲለቅም፣ ወዳጅ ብዬ ያስከተልሁት ውሻ ግን ክትባት ያላገኘ ነበር። የመንዝ አባቶች ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት እየዘጉ ሣሩን ያሳርፉ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቀርም፣ የአካባቢው ሕዝብ ዛሬም በኅብረት ይጠብቀዋል። እኔ ግን ሳላውቅ ጥፋት ይዤበት ልገባ ነበር።

ስለዚህ ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ውሻውን እንዲያስከትቡ ለመንኋቸው። «ለአንድ ቀበሮ ብለህ ነው?» ብለው ሣቁ። «በሽታው ሰውንም ይገድላል፤ ለልጆችዎም ነው» ብላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ለፋሲካ ስትመጣ አብረን እንወስደዋለን» አሉኝ።

በደጋ አገር ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተም ይህንኑ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።